ንጹህ ፊት፣ ክፍት ጎን

እናታችን ልብስ ሰፊ ናት። የመስኮት ብርሃን ያላረፈበትን ነገር አታምንም። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ወደ መስኮቱ ወስዳ ትዘረጋዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ በጣቷ ትዳስሰዋለች፣ ከዚያ "ንጹህ ነው" ወይም "እድፍ አለው" ብላ ትፈርዳለች። ይግባኝ የለም። ደንበኛው ቢለማመጥ፣ "ኧረ አይታይም" ቢል፣ እማዬ ጨርቁን አጣጥፋ መልሳ እጁ ላይ ታስቀምጥለታለች።

እማዬ ታናሽ እህቴ ቦክስ መጫወት እንደጀመረች የሰማች ቀን ቤቱን በጩኸት ታፈርሰዋለች ብለን ተዘጋጅተን ነበር። እማዬ ግን መርፌዋ ላይ ክር እየሰካች "ተጫወቺ" አለቻት። እኔና እህቴ ተያየን።

"ተጫወቺ። ግን ከግጥሚያ በመጣሽ ቁጥር እዚህ መስኮት ስር ትቆሚያለሽ። ፊትሽ ላይ አንድ ምልክት ያየሁ ዕለት ጓንቱን ትሰቅያለሽ። ቃል ግቢልኝ።"

እህቴ ቃል ገባች። እማዬ በልቧ "አንድ ቡጢ ትቅመስና ያበቃል" ብላ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ለእማዬ የተገባ ቃል ቀልድ አይደለም። እኔ የራሴ ፀጉር ቤት ያለኝ፣ በምላሴ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ መንገድ የማስለውጥ ሴት፣ እማዬ ከመነጽሯ በላይ ቀና ብላ ካየችኝ ብርጭቆ የሰበረች ሕፃን ነው የምሆነው።

እህቴ እቤት ሚጣ ናት። ጂም ውስጥ ግን "ጭስ" ነው የሚሏት፤ ማንም ሊመታት አልቻለማ። ሁለት እጆቿን ቅንድቧ ድረስ ትሰቅላለች፣ ክርኖቿን ወደ ውጭ ከፈት ታደርጋለች፣ ወገቧን ወደ ኋላ ለጠጥ። ቡጢው ሲመጣ ጭንቅላቷ እዚያ የለም። ተጋጣሚዋ አየር መትታ ሚዛኗን ስትስት ሚጣ ከጎኗ ብቅ ብላ ነካ ነካ ታደርጋትና ትሸሻለች። እኔ ጥጉ ላይ ባልዲና ፎጣ ይዤ እቆማለሁ፤ ሥራዬ ውሃ ማቀበልና ላብ መጥረግ ነው፤ አፌ ግን አያርፍም። "የታለች? ፈልጊያት እስቲ!" እያልኩ ስንቷን አበሸቅኳት። ዳኛው በጣቱ ሲያስጠነቅቀኝ ዝም እላለሁ፣ ዞር ሲል እቀጥላለሁ።

አሰልጣኙ በሚጣ የተነሳ በደስታ ሊያብዱ ደርሰው ነበር። ጋሼ እንላቸዋለን። ጎማ ቤት ጀርባ ባለች ጣሪያዋ ዝቅ ያለ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚያሰለጥኑት፤ ላቡና የጎማው ሽታ ተቀላቅሎ ልብስ ላይ ይቀራል። "ቦክስ መምታት ነው ያለ ሰው አያውቀውም" ይላሉ። "ቦክስ አለመመታት ነው። ቡጢ ያልነካው ሰው አይደነግጥም፣ አይደክምም፣ ነገም ይመጣል።" አዲስ ሰው በተመዘገበ ቁጥር ሚጣን ጠርተው "እስቲ አሳዪው" ይላሉ። ቀስ በቀስ ጂሙ በሙሉ እንደ እሷ መቆም ጀመረ፤ ሁሉም እጁን ቅንድቡ ላይ ሰቅሎ፣ ክርኑን ከፍቶ፣ ወገቡን ለጥጦ። ባዳ ሰው ገብቶ ቢያይ ፀሐይ ዓይናቸውን የወጋቸው ሰዎች ነበር የሚመስሉት።

አንድ ቀን ጋሼ "ይሄን አቋም ማን አስተማረሽ?" ብለው ጠየቋት። "እንዲሁ መጣልኝ" አለች። ጋሼም የተፈጥሮ ስጦታ ነው ብለው ተቀበሉ። ስለ እማዬ መስኮት ጂም ውስጥ ትንፍሽ ብለን አናውቅም። ቦክሰኛ ሆና "እናቴ ፊቴን ስለምታየኝ ነው" የምትል ሴት ዕድሜ ልኳን መሳቂያ ናት።

ጉዱ ያለው ክርኑ ላይ ነበር። ፊትን እንደዚያ የሚያጥር እጅ ጎንን ይረሳል። ወገብ ወደ ኋላ ሲለጠጥም ጭንቅላት ያመልጣል እንጂ ሆድ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጭንቅላቷን ሲያሳድዱ ይህን ልብ ያለ አልነበረም። ከዚያ አንዷ አየች። ከዚያ ሁሉም አዩ። በዚያ ላይ እየሸሹ የሚሰነዝሩት ቡጢ ክብደት የለውም፤ ሚጣ ስትመታ አንድ እግሯ ቀድሞ ሄዷል። ዳኞች ለእንዲህ ዓይነቱ ነካ ነካ ነጥብ ለመስጠት እጃቸው ይከብዳል። ተመልካቹም ተሰላቸ። ከፊት ረድፍ የማይጠፋ፣ ለውዝ እያላመጠ የሚያይ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ አለ፤ "ጭሱንስ አየነው፣ እሳቱ የታለ?" ብሎ አዳራሹን በሳቅ ያፈርሰዋል። ያንን ሰውዬ ስንት ጊዜ የባልዲውን ውሃ ልደፋበት አስቤ ተውኩት።

ሁለት ጊዜ ለከተማው ፍጻሜ ደርሳ ሁለቱንም ተሸነፈች፣ ሁለቱንም ፊቷ ሳይነካ። እቤት ስትገባ መስኮቱ ስር ትቆማለች። እማዬ አገጯን በጣቷ ቀና ታደርጋለች፣ ወደ ግራ ታዞራለች፣ ወደ ቀኝ ታዞራለች፣ "ንጹህ ነው" ትልና ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። ማን አሸነፈ ብላ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ከዚያ እኔና ሚጣ ጓዳ ገብተን በሩን እንዘጋለን። ሸሚዟን ስታነሳ ጎኗ ጠቁሮ አያለሁ። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ስይዝላት ትራስ ትነክሳለች።

"ለጋሼ ልንገራቸው?"

"ብትነግሪ ዓይንሽን አላይም።"

"ለእማዬስ?"

"አንቺ እብድ ነሽ እንዴ?"

ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነበር። የከተማው ቡድን በየክብደቱ አንድ ሰው ብቻ፣ የፍጻሜውን አሸናፊ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ከዘንድሮ ወዲያ ደግሞ ሚጣ ለአዲስ ተመልማይ የተፈቀደውን ዕድሜ ታልፋለች። ካሸነፈች ቡድን ውስጥ ናት፣ ካላሸነፈች ጎማ ቤት ጀርባ ቀረች ማለት ነው። በፍጻሜው የምትጠብቃት ሴት ደግሞ "ሎደር" የሚሏት ናት። ሎደር ጭንቅላት አታሳድድም። ዝቅ ብላ ትገባለች፣ ጎን ትቆፍራለች፣ ትወጣለች።

ግጥሚያው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው እማዬ ሚጣን ጠራቻት። ከአንድ ደንበኛ የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ነበራትና ቀሚስ ልትሰፋላት አስባለች።

"ክንድሽን አንሺ።"

ሚጣ ግራውን አነሳች። ቀኙ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። እማዬ ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ አዞረች፣ ለካች፣ ከዚያ ወደ ጎኗ ወረደች። ሚጣ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። የእማዬ እጅ ባለበት ቆመ። እኔ በሩ ላይ ሻይ ይዤ ቆሜያለሁ። እማዬ ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለች።

"ሰፋ አድርጌ እሰፋዋለሁ" አለችና መቀሷን አነሳች።

እኛም ተመስገን ብለን ሹልክ አልን። ጓዳ ገብተን እየተያየን በሳቅ ፈረስን። እማዬን ያታለልን መስሎን ነበር፣ ሞኞች!

ፍጻሜው እሑድ ጠዋት ነበር። ፀጉሯን የራስ መከላከያው እንዳይንሸራተት ከራስ ቅሏ ጋር አጣብቄ ጎነጎንኩላት፤ ሁለቴ ፈትቼ እንደገና ስጎነጉን አይታ "አንቺ ነሽ የምትጋጠሚው እኔ?" ብላ ሳቀችብኝ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የጂማችን ሰዎች አንድ ረድፍ ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ራሰ በራውም ለውዙን ይዞ ቦታው ላይ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ሚጣ ተአምር ሠራች። ሎደር ገባች፣ አጣቻት። ዞረች፣ አጣቻት። አንድ ቀኝ እጅ ከትከሻዋ ተነቅሎ ሊወጣ እስኪደርስ ወረወረች፤ ሚጣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሳለፈችው፣ ሎደርም ከቡጢዋ ጋር ሄዳ ገመዱን አቀፈች። ሰው ሳቀ። እኔም "ጤና ይስጥልኝ በይው!" አልኳት፣ ዳኛውም ጣቱን አነሳብኝ።

በሁለተኛው ዙር ግን ጉድ ፈላ። ሎደር ጭንቅላቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ዝቅ አለች፣ በተከፈተው ክርን ስር ገባች፣ ጎኗን አገኘችው። ደግማ አገኘችው። ሚጣ እጆቿን ከቅንድቧ አላወረደችም። ፊቷ ንጹህ እንደሆነ ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ደወሉ ባያድናት የት እንደምትወድቅ እግዜር ይወቅ።

በርጩማው ላይ ስትቀመጥ ጋሼ አጠገቧ ተንበረከኩ።

"አንደኛው የእኛ ነው፣ ሁለተኛው የእነሱ። የቀረን አንድ ዙር ነው። ክርንሽን አውርጂ!"

"አልችልም፣ ጋሼ።"

"ለምንድን ነው የማትችዪው? እየለመንኩሽ እኮ ነው! ለምን?"

ሚጣ ዓይኗን ጓንቷ ላይ ተከለች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር ሲታደል አልነበርኩም።

"እናታችን ፊቷን ስለምታይ ነው!" ብዬ ፈነዳሁ።

ጋሼ የውሃውን ጠርሙስ እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አልሽ?"

"እማዬ ናት! ፊቷ ላይ ምልክት ካየች ቦክስ አለቀ። ቃል ገብታለች። ስለዚህ ፊቷን ትሸፍናለች፣ ጎኗን ትሰጣለች። ይኸው ነው!"

"ይሄ ሁሉ ዓመት?"

"ይሄ ሁሉ ዓመት።"

"እኔ እኮ ለሰው አስተማርኩት!" አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር። ዓይናቸው ወደ ጂማችን ሰዎች ረድፍ ሄደ። "ያን ሁሉ ሰው እንዲህ አድርጌ አቆምኩት!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን መሬት ላይ ተንከባልዬ በሳቅሁ። ግን ጋሼ ጋሼ ናቸው፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ሚጣ ተመለሱ፣ ጉልበቷን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ስሚኝ ልጄ። የሸሸሽው በከንቱ አይደለም። እያት እስቲ፣ እጇን እያት።" ሎደር ወዲያኛው ጥግ ላይ ክንዶቿን ጭኗ ላይ ጥላ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። "አንድ ዙር ሙሉ አየር የመታች ሴት ናት። ክንዷ አልቋል። ይሄን ያደረገው ያንቺ ሽሽት ነው። አሁን ግን ክርንሽን ሰብስቢና ቁሚ። ጎኑ ሲዘጋባት ወደ ፊትሽ ትመጣለች። አንድ ጊዜ ታገኝሻለች፤ አልዋሽሽም። ስታገኝሽ ግን አጠገብሽ ናት፣ እጇም ተዘርግቷል። እስከ ዛሬ ማንም አጠገብሽ እንዲደርስ አልፈቀድሽም፤ አንቺም ማንም ጋ አልደረስሽም። ገባሽ?"

ሚጣ እሳቸውን አላየችም። ያየችው እኔን ነው።

"እማዬስ?" አለችኝ።

እኔ በዚህ ዓለም የምፈራው እማዬን ብቻ ነው። ሚጣም ይህን ታውቃለች። "እማዬን ለእኔ ተዪልኝ" አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እስካሁን ይገርመኛል።

ደወሉ ተደወለ። ሎደር እንደለመደችው ዝቅ ብላ ገባች፣ ቡጢዋ የተዘጋ ክርን ላይ አረፈ። ፊቷን አጨማደደች። በሌላኛው ጎን ሞከረች፤ ያም ተዘግቷል። ግራ ገባት። ሚጣ ደግሞ አልሸሸችም፤ መሐል ላይ እግሯን ተክላ ቆማለች። ሎደር ቀና አለች፣ ቀኟን ሰበሰበች፣ በቀጥታ ወደ ፊቷ ላከችው።

ከግራ ዓይኗ ስር አረፈ። አዳራሹ "ኡኡ!" አለ። እኔ ፎጣውን ነከስኩ። በሕይወቷ ፊቷን የነካ የመጀመሪያው ቡጢ ነበር። ሚጣ ዓይኗን አንዴ ጨፍና ገለጠች፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም። መገረም ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን የሸሸችው ይኼን ነው እንዴ?

የሎደር እጅ ገና አልተመለሰም። ሚጣ በግራዋ ጎኗን፣ በቀኟ አገጯን አገኘቻት። ሁለቱም እግሮቿ መሬት ላይ ነበሩ! ሎደር ወደ ኋላ ተንገዳግዳ ገመዱ ላይ ተለጠፈች፣ ዳኛው በመሐል ገብቶ ቆጠረላት። አዳራሹ ብድግ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ሎደር ጀግና ናት፤ ተመልሳ መጣች። ግን የዛለው ክንዷ ቀስ እያለ ሲመጣ ሚጣ የድሮዋን ጭስ ሆና ታሳልፈዋለች፤ ካሳለፈችው በኋላ ግን አትሄድም፣ እዚያው ቆማ ትመልሳለች። መሸሹም መምታቱም አንድ ላይ ገጠመላት። ዘንበል ስትል አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል፣ ስትመታ ይጮኻል። ራሰ በራው ወንበሩ ላይ ቆሞ፣ ለውዙ መሬት ላይ ተበትኖ፣ "እሳት! እሳት!" እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል። "አሁን አየኸው?" ብዬ ጮህኩበት፤ "አየሁት እህቴ! ይቅር በይኝ!" አለኝ። ደወሉ ሲደወል ሎደር ራሷ መጥታ ሚጣን አቀፈቻት።

ከአምስቱ ዳኞች አራቱ ለእኛ ፈረዱ። ያን አምስተኛውን ዛሬም እፈልገዋለሁ። ዳኛው የሚጣን እጅ ሲያነሳ ባልዲውን ከነውሃው ጥዬ ሪንጉ ላይ ወጣሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ እንባቸው እንደገና ያበላሸዋል፣ እንደገና ይጠርጋሉ። "ከነገ ጀምሮ" ይላሉ በየመሐሉ፣ "ያ ጂም በሙሉ ክርኑን ያወርዳል!"

ደስታችን አውቶቡሱ ውስጥ ቀስ በቀስ በረደ። የሚጣ ዓይን አብጦ ሊዘጋ ደርሷል፣ ከስሩ ያለው ቆዳ ሐምራዊ ሆኗል። ሜዳሊያውን ኪሷ ውስጥ በጣቷ እያሻሸች በመስኮት ትመለከታለች። እኔ ለእማዬ የምናገረውን በልቤ እደረድራለሁ፣ አፈርሳለሁ፣ እደረድራለሁ። ቡድኑ በእጃችን ገብቷል፤ ለእማዬ የተገባው ቃል ደግሞ ያው ቃል ነው። እማዬ "ጓንቱን ስቀዪ" ካለች ሚጣ እንደምትሰቅል ሁለታችንም እናውቃለን።

ቤት ስንገባ የከሰዓቱ ፀሐይ መስኮቱን ሞልቶታል። እማዬ መኪናዋ ላይ ናት፤ ሰማያዊው ቀሚስ አልቆ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሚጣ ሳትጠራ ሄዳ መስኮቱ ስር ቆመች። ጀግናዬ! እማዬ መኪናዋን አቁማ ተነሳች። እኔ በመሐል ገባሁ።

"እማዬ፣ ስሚኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ ያልኳት፣ እሷ..."

"አንቺ ዞር በዪ። ብርሃኑን ጋረድሽው።"

ዞር አልኩ። የደረደርኩት ሁሉ እዚያው በነነ። እማዬ የልጇን ፊት ለረጅም ጊዜ አየች። አገጯን አልነካችም።

"ክንድሽን አንሺ" አለች።

ሚጣ ሁለቱንም አነሳች። እማዬ በሁለት መዳፎቿ ጎኗን ከላይ ወደ ታች ዳሰሰች። አንድ ቦታ ላይ ሚጣ ሽምቅቅ አለች።

"ይኼ የዛሬ ነው?"

"የሁለተኛው ዙር ነው፣ እማዬ።"

"ከዚያስ ወዲያ?"

"ከዚያ ወዲያ አልነኩኝም። ዘጋሁት።"

እማዬ እጇን ከጎኗ አላነሳችም። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። "ከለካሁሽ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ፊትሽን ጠብቂ ያልኩሽ ጎንሽን ስጪ ብዬ ነው እንዴ? እኔ ፊትሽን ሳይ፣ አንቺ ከታች ልጄን ታስደበድቢያለሽ?"

ሚጣ ማልቀስ ጀመረች። ሪንግ ላይ ያልወጣ እንባ ሁሉ በደህናው ዓይኗ ወረደ። እማዬ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት። ከዚያ እንደ ወትሮው አገጯን በጣቷ ቀና አደረገች። ወደ ግራ አዞረቻት። ወደ ቀኝ አዞረቻት። ያበጠው ዓይን፣ ሐምራዊው ጉንጭ፣ ሁሉም ፀሐዩ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ንጹህ ነው" አለች።

ጨርቅ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል እድፍ አሳልፋ የማታውቅ እናቴ ናት ይህን ያለችው።

ወደ መኪናዋ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። ዞር ብላ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "ማን አሸነፈ?" አለች።

"እኔ" አለች ሚጣ።

እማዬ ቀሚሱን ከግድግዳው አወረደችው፣ ወገቡን በሁለት ጣቷ ሰብሰብ አድርጋ አየችው።

"ያ ጎን ሲድን ይኼን ማጥበብ አለብኝ ማለት ነው" አለችና መርፌዋን ፈለገች።